ጁማና የፈለገችው በግ

ግድግዳው ቺፑድ ባይሆን ኖሮ ራቢአ ያንን ነገር ባልሰማች ነበር። ቡራዩ ውስጥ በጥድፊያ የተሠራ ቤት ብዙው እንዲህ ነው፤ ከውጭ ብሎኬትና የብረት በር፣ ከውስጥ ግን ክፍልን ከክፍል የሚለየው ስስ ሰሌዳ የወዲያኛውን ሰው ትንፋሽ ሳይቀር ያሰማል። ወንድሟ ከድሩ ሱብሒን ሰግዶ ሲያበቃ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ሚስቱን ነጂባን፣ «ነገ አክስቴ ወደ ወራቤ ስትመለስ ጁማናን ይዛት ትሂድ» ሲላት ጥርት ብሎ ተሰማት። «እዚያ ሰፊ ግቢ አለ፤ ሰውም ምን ሆነች ብሎ አይጠይቅም። አፏን ስትፈታ እናመጣታለን።» አልጋው ብቻ ሲጢጥ አለ። ራቢአ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ቀረች። ጁማና የሁለቱ አንድ ፍሬ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፤ አትናገርም ተብላ ልትሸኝ ነው። ራቢአን ከሁሉ የከነከናት «ሰውም አይጠይቅም» ያለው ነው። እንግዲህ የሚያስፈራው የልጅቷ ዝምታ ሳይሆን የሰው ጥያቄ ሆነና አረፈው!

ራቢአ ራሷ ጥያቄ የምትወድ ሴት ናት። ነገሩ ካልገባት እንጀራ አይወርድላትም። ኮልፌ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ስንት ዓመት ሙሉ አፍንጫ ስትጠርግና ፊደል ስታስቆጥር ኖራ፣ ጉልበቷ ምንጣፍ ላይ መንበርከኩን እምቢ ሲላት ሥራውን ተወችና ለሕፃናት ቤት የሚመታ ግጥም ያላቸው ትንንሽ የሥዕል መጻሕፍት መጻፍ ጀመረች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ «ልጆቼ ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይሞላሉ» እያለች ጠያቂዋን ታሳፍራለች። ሐሙስ ዕለት ወደ ቡራዩ የመጣችው አዲሱን መጽሐፏን በወንድሟ ልጅ ላይ ልትሞክረው ነበር። ማተሚያ ቤቱ ናሙናውን ሰጥቷታል፤ ሰኞ «ይታተም» የሚል ቃሏን ይጠብቃል። የመጣች ዕለት ከእራት በኋላ የሰማችው ግን ሌላ ሆነ። አስኮ ያለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ጁማናን አልቀበልም ብሏል። ስምሽ ማነው ቢሏት ጭጭ፣ ቀዩን ኳስ አምጪ ቢሏት ጭጭ። አስተማሪዋ፣ «መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ ወይ ጆሮዋ ነው፣ ወይ ደግሞ...» ብላ ጣቷን ወደ ግንባሯ አስጠግታ ነበር። ከድሩ ያንን ጣት እያስመሰለ በገዛ ግንባሩ አሳያት።

ከድሩ መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሁለት ሰው ካልቆመበት የማይሠራ ሱቅ። እሱና ነጂባ ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ የአስኮን የመኪና ሰልፍ ታግሰው ሲመለሱ ልጅቷ ተኝታለች። ያን ቀን ቅዳሜ ነጂባ የልጅቷን ልብስ አጥባ ልታዘጋጅ ስለቀረች ከድሩ ብቻውን ወጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ጁማና በካልሲዋ ብቻ መጥታ ፊቱ ቆመችና «ኤታ?» አለችው። «ኤታ፣ ኤታ! ቻው የኔ ቆንጆ!» አለና ጉንጯን ስሟት ሄደ። ልጅቷ የተዘጋውን በር እያየች ቆየች። «ያቺው አንድ ቃሏ ናት» አለች ነጂባ። «በነቃችብን ቀን ሁሉ እዚህ ቆማ እሷኑ ነው የምትለው። ትርጉም የላትም። ከድሩ እንዲያውም ኤታ እያለ ነው የሚጠራት።» ይህን ብላ ልብሱን አቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሳሎኑ ገና ያላለቀ ሳሎን ነው። አንደኛው መስኮት መስታወት ስላልገባለት በላስቲክ ተሸፍኖ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሶፋውም ከነማሸጊያው ተቀምጧል፤ ቤቱ ሲያልቅ ይገፈፋል እየተባለ ሁለት ክረምት አልፎታል። ራቢአ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ጋደም ብላ ጁማናን አጠገቧ አስቀመጠችና ናሙናውን ገለጠች። ገጾቹ ልጅ ቢያኝካቸው የማይበጠሱ ወፍራም ካርቶን ናቸው። ሥዕሎቹን የሣላቸው ሱሉልታ የሚኖር ቢቂላ የሚባል ሰው ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ጋራውን ግን ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ድብልብል አድርጎ መሐሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ጨምሮበታል። ራቢአ ጋራው አልተዋጠላትም ነበር። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ማታ ማታ
ጨረቃ ወጥታ፣
ጋራ ለጋራ
መንገድ ስታበራ፤
አውራ ዶሮ በጉራ
ጎረቤት ሲጣራ፤
ጥጃው ወደ ኋላ
ጎመን ሰርቆ በላ።

ከድሩ ትናንት ሰምቶ፣ «አውራ ዶሮ በማታ ይጮሃል እንዴ?» ብሎ ሊያሾፍባት ቢሞክር፣ «ጉረኛ ሰዓት አይመርጥም» ብላ አፉን አዘግታዋለች። አሁን ድምፅዋን እንደ ድሮው አስተማሪነቷ አቅጥና «ማታ ማታ» አለች። ጁማና በመዳፏ አናቷን መታ አደረገች። ራቢአ ሳቀችና ቀጠለች። «ጋራ ለጋራ» ስትል ልጅቷ ቀሚሷን ገልባ ሆዷን መታ መታ አደረገች። «በጉራ» ስትል ጆሮዋን ያዘች። «ጥጃው ወደ ኋላ» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተበላሸ። ራቢአ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው «ወደ ሆላ» ብላ ነው ያነበበችው፤ ጁማና ሥዕሉ ላይ አፈጠጠች፣ ጥጃውን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ ገጹን ገልጣ ከጀርባው ፈለገች፣ መጽሐፉን ገለባበጠችና ከንፈሯን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። አንድ ነገር ፈልጋ አጥታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ብሎ ያልፈው ነበር። ራቢአ ግን ተነሥታ ተቀመጠች። ልጅቷን አባብላ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ መጽሐፉን ዘጋችና ወደ መስኮቱ እያየች፣ የማታውቅ መስላ «ጋራ» አለች። ልጅቷ ሆዷን ነካች። «ጉራ።» ጆሮዋን። «ማታ።» አናቷን። ቃላቱን አዛንቃ ጠራቻቸው፤ ልጅቷ ግን አልተዛነቀባትም። «ኳስ» አለች፣ «ወንበር» አለች፣ «ቀይ» አለች፤ ጁማና ዝም ብላ በትልልቅ ዓይኖቿ አየቻት። ጆሮዋስ ይሰማል፣ አለች ራቢአ በልቧ፤ ጭንቅላቷም ይሠራል፤ አንድ የምታውቀው ነገር አለ፣ እኔ ነኝ የማላውቀው። ደስም አላት፣ ፈራችም። እስከ ነገ ጠዋት ካላወቀችው ልጅቷ የለችም።

ነጂባ ጓሮ ሳፋው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታጥባለች። ከአጥሩ ማዶ የአንድ ብረት በያጅ መፍጫ ይጮሃል፤ ሽንኩርት ሻጭ በጋሪ እያለፈ በሁለት ቋንቋ ዋጋ ይጠራል። ራቢአ ያየችውን ነገረቻት። «አይቻለሁ እትዬ» አለች ነጂባ አረፋው ላይ እንዳቀረቀረች። «ራሷን ትመታለች። ለዚህ እኮ ነው አስተማሪዋ...» ማን እንዳስለመዳት ራቢአ ስትጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ተኝታ ትቻት ወጥቼ ተኝታ ነው የማገኛት» ብላ የልጅቷን ቀሚስ ጨመቀች። «ዱርሲቱ ትሆናለች።» ዱርሲቱ ልጅቷን ከስድስት ወሯ ጀምራ ያሳደገች ሞግዚት ናት። ክረምቱ እንደ ወጣ አግብታ ወደ ገፈርሳ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ጁማና የምትውለው አንዲት የወልቂጤ ተወላጅ ጎረቤት ዘንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነው። «አንዳንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመጣ» አለች ነጂባ ከቆይታ በኋላ፣ «ከክፍሉ ውስጥ የሁለታቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስገባ ዝም ይላሉ።» ስለ ወራቤው ጉዳይ ሁለቱም አላነሡም። ነጂባ ግን ያቺን ትንሽ ቀሚስ ከሚገባው በላይ ደጋግማ ትጨምቃት ነበር፤ ራቢአም፣ ጠዋት መስማቷን ነጂባ ያወቀች መሰላት። የዱርሲቱ የድሮ ስልክ አይሠራም። ባሏ ዲሪርሳ እንደሚባልና ቤታቸው ከግድቡ ማዶ ባሕር ዛፉ ሥር እንደሆነ ብቻ ነገረቻት። ራቢአ ልጅቷን ጫማ አደረገችላትና፣ ላናፍሳት ብላ ወጣች።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር የተነሣው። ረዳቱ ሃያ ሃያ ብራቸውን ሲሰበስብ «ልጅቷ በጭን!» ብሎ አዘዘ፤ ራቢአ ጁማናን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን በክርኗ ገፋ አድርጋ ከፈተችላት። ያላለቁ ፎቆች፣ የተከመረ አሸዋ፣ የበር መሥሪያ ቤቶች አለፉ። ከጎኗ ነጠላቸውን ያጣፉ ወፍራም እናት ከኋላ ካለች ጓደኛቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። ራቢአ ኮልፌ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከኦሮምኛ የምታውቀው «አካም» እና «ገለቶሚ» ብቻ ስለሆነ ወሬው እንደ ዝናብ ድምፅ ነው ያለፋት። ልጅቷ ግን ከመስኮቱ ዞራ የሴትዮዋን አፍ ማየት ጀመረች። ይህን ጊዜ እናትየዋ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጋራቱ ና ዱኩቤ!» አሉ። ጁማናም የራሷን ሆድ ያዘች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ራቢአ፤ «አሁን ጋራ ያሉት ምንዎን ነው?»

«ሆዴን ነዋ! የበላሁት ጎመን አልተስማማኝም።»

«ማታስ? ማታ ሲባል?»

«ማታማ ራስ ነው። ጭንቅላት።»

«ጉራ?»

«ጆሮ። ምነው ልጄ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። ራቢአ ግን አልሳቀችም። «አንድ ብቻ ቀረኝ» አለች። «ሆላስ?»

«ሆላ በግ ነው» አሉ እናትየዋ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። «የሚሸጥ አለሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ራቢአ የገዛ ግጥሟን የዚያን ዕለት ገና ሰማችው። እሷ ስለ ጨረቃና ስለ ጋራ የጻፈች መስሏት ነበር፤ ልጅቷ የሰማችው ራስ፣ ሆድ፣ ጆሮ እያለ የሚቆጥር ጨዋታ ነው። ጨዋታው መጨረሻ ላይ በግ አለ ተባለ፣ ገጹ ላይ ግን ጥጃ ብቻ አገኘች፤ ማን አያለቅስም? ራቢአ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ዝም ያለችው ባዶ ሆና አልነበረም። ደስታዋን ለማን እንደምትነግረው ቸግሯት ለእናትየዋ «ይማርዎት» አለቻቸው፤ እሳቸውም «አሜን፣ አንቺንም ይማርሽ» ብለው ራሷን ያመማት መስሏቸው በሐዘኔታ አዩአት።

ገፈርሳ ወርደው ከመንገዱ ወደ ግድቡ አቀኑ። ውሃው ከባሕር ዛፉ መሐል ብልጭ ይላል፣ የታጨደ ገብስ ይሸታል፣ መንገዱ ላይ የበረገጉ ዶሮዎች ይበታተናሉ። ጠይቀው ጠይቀው የዲሪርሳን ግቢ አገኙ። አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ሴት ደጃፍ ላይ ጆንያ ዘርግታ ድንች ትመርጣለች። ጁማና የአጥሩ በር ላይ ስትደርስ እጇን ከራቢአ እጅ አላቀቀችና ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሮጠች። ድንቹን ረግጣ፣ ተደናቅፋ፣ የሴትዮዋ አንገት ላይ ተጠመጠመችና አፏን ከፈተች። ራቢአ በሕይወቷ ብዙ ሕፃናት ሲናገሩ ሰምታለች፤ እንዲህ ግን ሰምታ አታውቅም። ቃሉ እየተደራረበ፣ እየተሰባበረ፣ በለቅሶና በሳቅ መሐል ይወርዳል፤ ልጅቷ የሦስት ወር ወሬ አጠራቅማ ኖራለች። ራቢአ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል አልገባትም፣ እንባዋ ግን መጣ።

ዱርሲቱ የመጣችው ሴት የከድሩ እህት መሆኗን ስታውቅ ፊቷ ተለወጠ። በርጩማ አቀረበች፣ እርጎ አመጣች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ቆመች። ሊከሷት የመጡ መስሏታል። ራቢአ ልጅቷ ከሌላ ሰው ጋር አትናገርም ስትላት ደግሞ ደነገጠች። «ከእኔ ጋር ሁሌም እንዲህ ነበረች እኮ!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አወጣችው። «ጋሽ ከድሩ የገባሁ ቀን፣ ልጄን አማርኛ አስተምሪልኝ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። አማርኛዬ ግን የገበያ ነው እትዬ። ለሽንኩርት ይበቃል። ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ በእሱ እንዴት ይባበላል? እናቴ እኔን ባባበለችበት አባበልኳት። እነሱ ሲገቡ ዝም እንላለን። እንዳይቆጡኝ ነው... ከዚያ እሷም ለመደችው፤ ጋሽ ሲገቡ ጣቷን አፏ ላይ ታደርግ ነበር።» ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አሳየች፤ ወዲያው አፈረችና አወረደችው። ራስ፣ ጆሮ፣ ሆድ እያሉ መነካካቱን ስትታጠብ የሚጫወቱት ጨዋታ እንደነበርም ነገረቻት፤ መጨረሻው ላይ ዱርሲቱ በግ ሆና «ባእ» ትላለች።

«ቅድም ስትሮጥ መጥታ ምን ነበር ያለችሽ?» አለች ራቢአ።

«ኤሳ ዴምቴ? የት ሄድሽ? ነው ያለችኝ። ‘ሳ’ አይወጣላትም፣ ኤታ ነው የምትለው።»

«ኤታ ብቻዋን ስትሆንስ?»

«የት? ማለት ነው።»

ራቢአ የያዘችውን እርጎ መሬት አስቀመጠችው። በሩ ላይ በካልሲዋ የቆመችው ልጅ ታየቻት፤ የት? ስትል፣ አባቷ እየሳቀ የት፣ የት፣ ቻው ሲላት። በነቃች ቀን ሁሉ። መጠየቅ የምትወደው ራቢአ ይህን ባልጠየቅሁ ብላ ተመኘች።

ዱርሲቱ ልጅቷን አዝላ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው፤ ጁማና ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር መለያየቱ ያለ ለቅሶ ሆነ። የዲሪርሳን ስልክ ቁጥር ሰጠቻት፤ በእሱ ሲደውሉ እኔ ነኝ የማነሣው አለቻት። ራቢአ መንገድ ዳር የተኛችውን ልጅ ታቅፋ ሚኒባስ ስትጠብቅ ነገሩ አላስችል ብሏት ሱሉልታ ቢቂላ ዘንድ ደወለች። ኦሮሞ ነህ፣ ግጥሙን ስትሥል ምንም አልታየህም? ብላ አፋጠጠችው። ቢቂላ ሳቁን ለቀቀው። «እንዴት አይታየኝም? ሆን ብለሽ መስሎኝ እኮ ነው! ‘እንዴት ያለች ብልህ ሴት ናት፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ’ ብዬ ለሚስቴ ሁሉ አውርቼልሻለሁ። ጋራውን በሆድ መልክ ከነእምብርቱ የሣልኩት ለምን ይመስልሻል? ከጥጃው ኋላም በግ ሥዬ ነበር፤ አንቺ ነሽ ‘በግ በጽሑፉ የለም’ ብለሽ ያስጠፋሽው!» ራቢአ ጉድ ነው አለች። በጉን መልሰው፣ ሰኞ ሳይደርስ መልሰው ብላ ስልኩን ዘጋች። ያላወቁትን ጥበብ ሰው ሲያደንቅላቸው ደስ አይልም አይባልም፤ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። ሚኒባሱ መጥቶ ወደ ቡራዩ ሲዞር ግን ደስታው እየቀነሰ ሄደ። ማታ የምትነግረውን ታውቃለች። ለማን እንደምትነግረውም ታውቃለች።

ቤት ስትደርስ ከድሩ ከወትሮው ቀድሞ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ተቀምጧል። የልጅቷ ቦርሳ ዚፑ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። «የት ጠፋችሁ?» አለ። «አክስቴ በጠዋት ነው የምትወጣው።» ራቢአ የነቃችውን ልጅ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ነጂባን ከጓዳ ጠራቻት። መጽሐፉን አላወጣችም። «ጋራ» አለች። ልጅቷ ሆዷን ነካች። «ከድሩ፣ ይህ ለአንተ ተራራ ነው። ለልጅህ ሆድ ነው። ማታ ራስ ነው፣ ጉራ ጆሮ ነው። ልጅህ አፏን ከፈታች ቆይታለች። የፈታችው በኦሮምኛ ነው።» ከዚያ የገፈርሳውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሩጫውን፣ ወሬውን፣ ሲገቡ አፍ ላይ የምትደረገውን ጣት።

ከድሩ መጀመሪያ ተቆጣ። «በገዛ ቤቴ! አማርኛ አስተምሪልኝ ብያት!» ብሎ ተነሣ። «እሷማ ያላትን ሰጠቻት» አለች ራቢአ። «እኛ አባታችን ስልጥኛውን ይዞት መቃብር ሲወርድ አንድ ቃል አልተቀበልነውም፤ አማርኛ ይበቃችኋል እየተባልን። አሁን ደግሞ ወራቤ ሄዳ በስልጥኛ ዝም ትበል?» ከድሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሶፋው በላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ነጂባ እስካሁን የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች። «እና ዝም ያለችው» አለች ቀስ ብላ፣ «ለእኛ ነው።» ራቢአ እዚህ ላይ ማቆም ፈልጋ ነበር፤ ከልቧ ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ከድሩ ልጅቷን ሊያባብል ጎንበስ ብሎ «ኤታ፣ ነይ እስቲ ኤታዬ» ሲላት መቻል አቃታት። የቃሉን ትርጉም ነገረችው። ከድሩ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ቦርሳውን ከፈተና ቀሚሶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሶፋው ላይ ይደረድራቸው ጀመር። ትንሿን ሹራብ እንዴት እንደሚያጥፋት አላወቀበትም።

ነጂባ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች። የዱርሲቱን ቁጥር ከራቢአ ተቀብላ ደወለችና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች። ዱርሲቱ ማን እንደደወለ ስታውቅ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ ነጂባ አላስጨረሰቻትም። «ይቅርታውን ተይው። እመጣለሁ ሲባል እንዴት ነው? ጠዋት ስወጣ የምላት።» «ናን ዱፋ» አለች ዱርሲቱ። ነጂባ «ናን ዱፋ» አለች። ‘ዱ’ዋ ወደ ውስጥ የምትዋጥ ድምፅ ናት፤ ከአማርኛ ምላስ በቀላሉ አትወጣም። ጁማና የእናቷን አፍ እያየች ሳቀች። እጇን ዘርግታ የእናቷን ከንፈር ነካችና «ናን ዱፋ» ብላ አረመቻት፤ ጥርት አድርጋ፣ እንደ አስተማሪ። በዚያ ቤት ውስጥ ለእናቷ የተናገረችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያ ነበር። ነጂባ እየሳቀችም እያለቀሰችም ደጋገመችው። «ናን ዱፋ፣ ጁማና። እኔ፣ ናን ዱፋ።» በመጨረሻ ድምፁ መጣላት።

ልጅቷ መሳቋን አቆመች። ቃሉ አሁን ጨዋታ አልነበረም። እናቷን ትክ ብላ አየቻትና «ዮም?» አለች።

ነጂባ ወደ ስልኩ ዞረች። «ምን አለች? ዱርሲቱ፣ ምን አለች?»

«መቼ? ነው ያለችዎት፣ እትዬ ነጂባ።»

ነጂባ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ከድሩ ሹራቧን እንደያዘ ቆሟል፤ የሱቁ ቁልፎች ቀበቶው ላይ ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ሱቁስ?» አለ ከድሩ።

ነጂባ ዓይኗን ከልጅቷ አላነሣችም። «እንዴት ነው የሚባለው፣ ዱርሲቱ?» አለች። «ቀስ ብለሽ በይልኝ።»